የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ቀን ተቆርጦልኛል፤ በዚህ ያለፋችሁ ንገሩኝ

መምህር ከቀጨኔ (ሰኔ 28)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬ 36 ነው። ልጅ ሳለሁ ኳስ ስንጫወት የጓደኛዬ ክርን አፍንጫዬን መትቶኝ ደም በደም ሆኜ ቤት መግባቴን አስታውሳለሁ። እናቴ በእርጥብ ጨርቅ ጠራርጋ አስተኛችኝ፤ ደሙ ሲቆም ነገሩ አለቀ ብለን ተውነው። ግራው አፍንጫዬ ግን ከዚያ ወዲህ ደህና አድርጎ አየር አስገብቶ አያውቅም። የምተኛው አፌን ከፍቼ ነው። ጠዋት ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ እነቃለሁ፤ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ሳይደርስም ድምፄ ይዘጋል።

ለዓመታት «ሳይነስ ነው» እየተባልኩ ጠብታና ኪኒን ስለዋውጥ ኖርኩ። ባለፈው ወር አንድ የአንገት በላይ ሐኪም በቀጭን ካሜራ ውስጡን አየልኝ። ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ ወደ ግራ ተጣሟል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ሰፊ ቦታ ያገኘው የጎን ሥጋ አብጧል አለኝ። ግድግዳው ይቃናል፣ ያበጠውም ይቀነሳል ተብሎ ለሐምሌ 11 ተቀጥሬአለሁ።

ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፤ ነገር ግን ከበሩ ውጭ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ ሳለ የልቤን ሁሉ ልጠይቀው አልቻልኩም። ሕመሙ ምን ያህል ነው? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አፍንጫ ውስጥ የሚጠቀጠቀው ጎዝ ሲወጣ እንባ ያስወጣል የሚሉት እውነት ነው? መልኬስ ይለወጣል? እናቴ ልታስታምመኝ ከደብረ ብርሃን ትመጣለች፤ ምን አዘጋጅቼ ልጠብቃት?

ትዕግሥት ዘአዳማ (ሰኔ 28)

መምህር፣ እንኳን ወሰኑ። እኔ ከተሠራሁ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ የደረሰብኝን እንዳለ ልንገርዎ።

ሕመሙ ከፈራሁት ያነሰ ነበር። ያልጠበቅሁት መታፈኑን ነው። ሰመመኑ ሲለቀኝ ሁለቱም ቀዳዳዎች በጎዝ ተጠቅጥቀው፣ ከስር ሌላ ጎዝ በፕላስተር ተለጥፎ አገኘሁት። ሰው በአፉ መተንፈስ ቀላል ይመስለዋል፤ ምራቁን ሊውጥ ሲል ነው ችግሩ የሚገባው። አፍንጫ ተደፍኖ ሲዋጥ ጆሮ ወደ ውስጥ ይሳባል። የመጀመሪያዋን ጉንጭ ውሃ ስውጥ ጆሮዬ የተበላሸ መስሎኝ አለቀስኩ። ምንም አልሆነም፤ ጎዙ ሲወጣ አብሮ ለቀቀኝ።

ከሁሉ የከፋችው ሁለተኛዋ ሌሊት ነበረች። እኅቴ ሦስት ትራስ ግድግዳው ላይ ደርድራ በግማሽ መቀመጥ አስተኛችኝ። በጎኔ አንድ ብርጭቆ ውሃና ንጹሕ ጥጥ አስቀመጠች፤ በየግማሽ ሰዓቱ ጥጡን እየነከረች ከንፈሬንና ምላሴን ታረጥበኝ ነበር። በሌሊቱ መካከል ጥቁር ነገር አስመለሰኝ። ቤተሰቡ ሁሉ ደነገጠ፤ ለካ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ወደ ሆዴ የወረደ ደም ኖሯል። ይህን አስቀድሞ ማንም አልነገረንም። እርስዎ ግን አሁን ያውቁታል፤ ለእናትዎም ይንገሩልኝ። አንድ ሁለት ቀን ሰገራም ሊጠቁር ይችላል።

ስለ ጎዙ እውነቱን ልናገር። ሲወጣ ረጅም ነው፤ የማያልቅ ይመስላል፤ እንባም ያስወጣል። ነገር ግን ለሁለቱም አፍንጫ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከአንድ ሰዓት በፊት የሕመም ማስታገሻዬን ውጬ፣ ቁርስም በልቼ ነበር የሄድኩት፤ በባዶ ሆድ ሄደው ራሳቸውን የሚስቱ ሰዎች አሉ። ዛሬ ግን ብዙ ሐኪሞች ጎዝ አይጠቀጥቁም፤ በቦታው ሌላ ነገር ያስገባሉ። ሐኪምዎን ይጠይቁት።

መልክዎ አይለወጥም። የሚቀደደው በውስጥ ነው፤ እኔ ፊቴም አላበጠም፣ ዓይኔም አልጠቆረም።

ነርስ ነኝ ከሐዋሳ (ሰኔ 29)

በቀዶ ሕክምና ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ትዕግሥት የጻፈችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ደግሞ ከዚህኛው ወገን ሆኜ ያየሁትን ልጨምር።

መምህር፣ የሚወስዱትን ማንኛውንም መድኃኒት ለሐኪሙና ለማደንዘዣ ባለሙያው ይንገሩ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደም ያቀጥናሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ እንዲቆሙ ይደረጋል። ለልብ የታዘዘ ከሆነ ግን በራስ ፈቃድ አይቆምም፤ ያዘዘው ሐኪም ይወስን። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት እንደ መድኃኒት የሚበላ፣ የባህል መድኃኒት የሚጠጣ ሰውም ይናገር። ጫት የሚቅም አይደብቅ፤ የደም ግፊትና የልብ ምት ከፍ ስለሚያደርግ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ሊያውቀው ይገባል። የምንጠይቀው ልንወቅስ አይደለም።

ለጠዋት ቀጠሮ ምግብና ወተት ቢያንስ ስድስት ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ ደግሞ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ይቆማል፤ የእርስዎ ሆስፒታል ከዚህ የረዘመ ሰዓት ካዘዘ ያንን ይያዙ። ብዙ ሕመምተኞች በዚያው ጠዋት ጸበል ጠጥተው ይመጡና እንደ ውሃ ስለማይቆጥሩት ሳይናገሩ ይቀራሉ። እባካችሁ ተናገሩ። በሰመመን ጊዜ ከሆድ የተመለሰ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ቢገባ ለሕይወት ያሰጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የሐኪሙ ሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ የቀሩት ሳምንታት የእርስዎና የእናትዎ ናቸው። በሚገባ ተሠርቶ በቤት እንክብካቤ ጉድለት የተበላሸ አፍንጫ ብዙ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜም ያሳዝነኛል።

ሐኪሙ ጀምሩ ካለበት ቀን አንሥቶ አፍንጫውን በጨው ውሃ ማጠብ ግድ ነው። ካልታጠበ ደሙና ንፍጡ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፤ ከስሩ ቁስሉ ከጎን ሥጋ ጋር ይጣበቃል። ከፋርማሲ የሚገዛ ኖርማል ሳላይን ካገኙ ከሁሉ ይሻላል። በቤት ለማዘጋጀት ለ1 ሊትር ውሃ አንድ ተኩል ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በቂ ነው። የገበያው ጨው አዮዲን ስላለበት አንዳንድ ሰው ሊቆጠቁጠው ይችላል፤ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ይጨመርበት። ውሃው ግን የፈላ ይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያ ባነሰ። ስለዚህ ፈላ ብለው ወዲያው አያውርዱት፤ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ፤ ከዚያ ተከድኖ ለብ እስኪል ይቆይ። ያልፈላ ውሃ፣ ጸበልም ቢሆን፣ ቁስል ባለበት አፍንጫ ውስጥ አይግባ።

ለሁለት ሳምንት አይናፈጡ። ማስነጠስ ሲመጣ አፍዎን በሰፊው ከፍተው ያስነጥሱ። ከባድ ዕቃ አያንሡ፤ ጎንበስ አይበሉ። ስግደት የለመዱም ሱጁድ የሚያደርጉም ለጊዜው ቆመው ወይም ተቀምጠው ይጸልዩ። ቡና ሲቆላ፣ በርበሬ ሲታመስ፣ ዕጣን ሲጤስ ከዚያ ክፍል ይውጡ።

ደም ቢመጣ ወደ ኋላ አይጋደሙ። ቁጭ ብለው ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ፤ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል 15 ደቂቃ ሳይለቁ ይያዙ፤ አፍዎ ውስጥ የገባውን ይትፉ። በዚህ ካልቆመ ወደ ሆስፒታል። ትኩሳትዎ ከ38.5 ከበለጠ፣ ሁለቱም ቀዳዳዎች በድንገት ተደፍነው የሚወጋ ሕመም ከያዘዎት (ግድግዳው ውስጥ ደም ተቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ በቶሎ ካልወጣ ግድግዳውን ይበላዋል)፣ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከአንድ ወገን ከራስ ምታት ጋር ከተንጠባጠበ፣ ወይም ዓይንዎ ከተምታታ፣ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሰኔ 29)

ወንድሜ መምህር፣ እኔ እዚህ ሜሪላንድ ነው የተሠራሁት። ጠዋት ገብቼ ከቀትር በኋላ ቤቴ ነበርኩ። ጎዝ አልነበረም፤ በግድግዳው ግራና ቀኝ ሁለት ስስ የሲሊኮን ንጣፍ በአንድ ክር ሰፍተው አስቀመጡልኝ። በንጣፎቹ ጎን ጥቂት አየር ይገባል፤ እንቅልፍም ይሰጣል።

የምጽፍልህ ግን ስለ ሥራ ነው። ሥራዬ ሰው ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ማመላለስ ነው፤ ያልሠራሁበት ቀን ገቢ የለውም። በስድስተኛው ቀን ደህና ነኝ ብዬ ወጣሁ። የአንዲት እናት ሻንጣ፣ ምናልባት 23 ኪሎ፣ ከመኪናው ኋላ ሳነሣ ከላይ ከግንባሬ ስር አንድ ነገር የፈነዳ መሰለኝ። ደሙ ሸሚዜን አልብሶ ጫማዬ ላይ ደረሰ። እናትየዋ የራሳቸውን ነጠላ አውጥተው ይዘውልኝ በሌላ መኪና ወደ ሆስፒታል ወሰዱኝ፤ በረራቸውም አመለጣቸው። ያ ነጠላ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሁለት ሳምንት ማለት ሁለት ሳምንት ነው። አንተ በክረምት ለመሠራት መወሰንህ መልካም ነው።

ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ መጥታችሁ ለመመለስ ያሰባችሁ ደግሞ የመመለሻ ትኬታችሁን ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትቁረጡ። እኔን ሁለት ሳምንት እንዳልበር ከልክለውኛል፤ ደም በሰማይ ላይ ቢፈስ የሚያቆመው ሐኪም የለምና።

የጎንደሩ (ሐምሌ 2)

ሁላችሁም ስለ መዳን ትጽፋላችሁ። እኔ ተሠርቼ አልዳንኩም። አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ ከተሠራሁ ዓመት ከስምንት ወር ነው። ሁለት ወር በደስታ ተነፈስኩ፤ ከዚያ እንደ ድሮው ተደፈነ። ተመልሼ ስሄድ «ቀዶ ሕክምናው የተሳካ ነው» ብለው ሰደዱኝ። የተሳካ ከሆነ ለምን አልተነፍስም? አሁን ያለ ጠብታ አንድ ሌሊት አላድርም። ገንዘቤ ይቅርና ተስፋዬ ነው የሚያቃጥለኝ። መምህር፣ ይህንንም ሰምተህ ግባ።

ነርስ ነኝ ከሐዋሳ (ሐምሌ 2)

ወንድሜ፣ ሳይመረምሩ መመለሳቸው ልክ አይደለም፤ ልትቆጣ ይገባሃል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ጠብታው ቀዳዳውን ወዲያው የሚከፍተው ዓይነት ነው? ስንት ጊዜ ትጠቀማለህ?

የጎንደሩ (ሐምሌ 3)

አዎን፣ ወዲያው የሚከፍተው ነው። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ። አቧራ ሲነካኝ ይብስብኛል፤ ዓይኔንም ያሳክከኛል።

ነርስ ነኝ ከሐዋሳ (ሐምሌ 3)

እንግዲህ ሁለት ነገር ሳይኖር አይቀርም። ያ ጠብታ የደም ሥሮችን አኮማትሮ ነው የሚከፍተው። ከአምስት ከሰባት ቀን በላይ ሲወሰድ መድኃኒቱ በለቀቀ ቁጥር ሥጋው ከበፊቱ ይብስ ያብጣል፤ ሰውየው ደግሞ ይጨምራል። አፍንጫህን አሁን የሚደፍነው ራሱ ጠብታው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው አለርጂ ነው፤ ዓይን ማሳከኩ ይህን ያሳያል። ቢላዋ የተጣመመ ግድግዳ ያቃናል እንጂ አለርጂ አይነቅልም። በየቀኑ የሚነፋ የስቴሮይድ ስፕሬይ የሚባል አለ፤ ውጤቱ የሚታየው ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ነው፣ ግን እንደዚያኛው አያስለምድም። ወደ ሌላ የአንገት በላይ ሐኪም ሂድና ሁለቱንም ንገረው፤ ግድግዳውንም በካሜራ እንደገና ይይልህ፤ አንዳንዴ ተመልሶ ይጣመማል፣ ወይም ተጣብቆ ይገኛል። ተስፋህን ገና አትቁረጥ።

ሊያ (ሐምሌ 4)

እኔ የምፈልገው ቅርጹን ማስተካከል ነው። ተመሳሳይ ነው?

ትዕግሥት ዘአዳማ (ሐምሌ 4)

አይደለም እናቴ። የቅርጹ ቀዶ ሕክምና የውጭውንም አጥንት ይነካል፤ ዓይን ስር ይጠቁራል፣ ከላይ ጠንካራ ልባስ ይለጠፋል፣ እብጠቱም ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ለብቻው የውይይት ክር ብትከፍቺለት ይሻላል፤ ያለፉበት እህቶች ይመልሱልሻል።

መምህር ከቀጨኔ (ሐምሌ 14)

ወገኖቼ፣ በሰላም ወጥቻለሁ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ያስገቡልኝ የሲሊኮኑን ንጣፍ ነው። ስነቃ ከአፍንጫዬ ይልቅ ጉሮሮዬ ነበር ያመመኝ፤ የመተንፈሻው ቱቦ የነካው ነው አሉኝ፣ በማግስቱ ተወኝ። ሕመሙ በፓራሲታሞል ይያዛል። ከአፍንጫዬ ስር ያለውን ጎዝ በመጀመሪያው ቀን ስምንት ጊዜ ቀየርነው፤ ትናንት ሦስት ጊዜ፤ ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ። መጀመሪያ ቀይ ነበር፣ ከዚያ እንደ ሻይ ሆነ።

አንድ ማንም ያልነገረኝ ነገር አለ። እናቴ ዳቦ ስትሰጠኝ በፊት ጥርሴ ልገምጠው ስል የላይኞቹ ሁለት ጥርሶች የሰው ጥርስ መሰሉኝ። በጣቴ ስነካቸው አሉ፤ አይሰማኝም። ደነገጥኩና ለሐኪሙ ደወልኩ። ወደዚያ የሚሄደው ነርቭ በግድግዳው ግርጌ ያልፋል፤ ሲነካ ይደነዝዛል፣ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል አለኝ።

እናቴን ትዕግሥት እንዳለችው ስለ ጥቁሩ ትውከት አስቀድሜ ነግሬአት ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት ሲመጣ ሳትደነግጥ ሳህን ያዘችልኝ። ትዕግሥት፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

መምህር ከቀጨኔ (ሐምሌ 20)

ትናንት ሳይሆን ከትናንት በስቲያ ንጣፉ ወጣ። ሐኪሙ ክሩን በመቀስ ቆረጠና በመቆንጠጫ ሳበው። ከጠበቅሁት እጅግ የረዘመ ነገር ሲወጣ አየሁ፤ አላመመኝም፣ ዓይኔ ብቻ አነባ። ከዚያ «አፍህን ዝጋና ተንፍስ» አለኝ። በግራው ቀዝቃዛ አየር እስከ ጉሮሮዬ ወረደ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ዝም ብዬ ተነፈስኩ፤ ሐኪሙም አላቻኮለኝም።

በማግስቱ ግን መልሶ ተደፈነ። ሌሊቱን ሙሉ የጎንደሩን ወንድሜን ሳስብ አደርኩ። ስደውል እብጠት ነው፣ ታጠብ ብቻ አሉኝ። በቀን አራት ጊዜ በሚጨመቅ ጠርሙስ እየታጠብኩ ነው። ዛሬ ጠዋት የጣቴን ጥፍር የሚያክል ቡናማ ቅርፊት ወጣ፤ እናቴ ጉበት መሰላት። ከእርሱ በኋላ ትንሽ ተከፈተ።

የጎንደሩ (ነሐሴ 19)

ነርስ እህቴ፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ግድግዳው ቀጥ ብሏል፤ አልተጣበቀም። አለርጂውና ጠብታው ናቸው። መጀመሪያ በአንዱ ቀዳዳ ብቻ ጠብታውን አስቆመኝ። አሥር ቀን መከራ ነበር። አሁን ሁለቱንም ካቆምኩ ዘጠኝ ቀኔ ነው፤ ስፕሬዩን እነፋለሁ፣ እታጠባለሁ። ገና ሙሉ አይደለም፤ ትናንት ግን ጠብታውን ሳልመኝ አደርኩ።

መምህር ከቀጨኔ (ጥቅምት 12)

ሦስት ወር ሞላኝ። ደመራ ላይ ጭሱ ወደማይመጣበት ወገን ቆሜ አሳለፍኩ። ጠመኔውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ትቼ በእርጥብ እጠርጋለሁ። አፌን ዘግቼ እተኛለሁ። ጥርሶቼ አንደኛው ተመልሷል፤ ሁለተኛው ገና ነው። ቀኙ ሌሊት ላይ አልፎ አልፎ ይደፈናል፤ ሐኪሙ በስድስት ወር እናየዋለን ብሏል። አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ድምፅ አለኝ።

ቤተልሔም 22 (ጥቅምት 13)

መምህር፣ ይህን ክር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ሆስፒታል ግቢ ተብያለሁ፤ እንደ እርስዎ ግድግዳው ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። እዚህ ያልተጻፈ ነገር ካለ ይንገሩኝ።

መምህር ከቀጨኔ (ጥቅምት 13)

እህቴ ቤተልሔም፣ ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ወይም ሹራብ ልበሺ። በራስ የሚጠለቅ ልብስ ሲያወልቁልሽ አፍንጫሽን ይነካዋል፤ እኔ በመጀመሪያው ማታ ልብሴን በመቀስ ቀድደን ነው ያወጣነው። የከንፈር ቅባት አትርሺ። የሐኪሙን ስልክ በወረቀት ጽፈሽ ለሚያስታምምሽ ሰው ስጪ፤ አንቺ ማታ መናገር ይከብድሻል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ትኩስ ነገር አትጠጪ። እናቴ ዛሬ እዚህ ናት፤ ለማን እንደምጽፍ ነገርኳትና «አጥሚቱን ሳያበርዱ እንዳይሰጧት በላቸው» ብላለች።